ሦስተኛውን የማይጠብቅ ፕሮግራም

ይህ እውነት ነው። አላምንም የሚል እዚሁ ያቁም፤ ከማንም ጋር የምከራከርበት ትዕግሥት የለኝም።

ቅዳሜ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ ቁልጭ ብሏል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ቢሯችን እንጨቃጨቃለን።

የቼዝ ፕሮግራም ነው የምንሠራው። በቼዝ ያው አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ከመጣ፣ ተጫዋቹ «አቻ ይባልልኝ» ማለት ይችላል። ሦስት ጊዜ!

የኛ ጉደኛ ግን ሁለተኛውን እንዳየ ጨዋታውን ይዘጋዋል። ሊያሸንፉ የደረሱ ደንበኞች ስድባቸውን ያወርዱብናል። የምሰማው ደግሞ እኔ ነኝ።

«የራሱን እርምጃ ሲያስብ ይቸኩል፣ ግድ የለኝም። ዳኝነቱ ላይ ችኮላውን ለምን አስገባኸው?» አልኩት።

«እታለም፣ ሁለቴ የመጣ ሦስተኛም መምጣቱ አይቀር። ምን አስጠበቀው?»

ደሜ ፈላ። እናታችን «አደራሽን፣ ታናሽሽ ነው» ባትለኝ ኖሮ በጥፊ እለው ነበር።

ስህተቱን በዓይኑ እንዲያይ ጨዋታ ከፈትኩ። ፈረሴን አወጣሁ። ፕሮግራሙም ፈረሱን አወጣ።

ውጭ መኪና ሁለቴ ጡሩንባ ነፋ።

ወንድሜ የመጨረሻዋን ሻይ ጨለጠና ቀዩን ኩባያ መስኮቱ ሥር አስቀመጠ።

«እታለም፣ ይሄ መስኮት አይዘጋም?»

«ራስህ ዝጋው!»

ነገር ፍለጋ ነው እንጂ መስኮቱ ከተበላሸ ስንት ጊዜው። ንቅንቅ አይልም።

ፈረሴን ወደ ሌላ ቤት አዛወርኩ። ፕሮግራሙም የሱን አዛወረ። የኔን መጀመሪያ ወዳወጣሁበት ቤት መለስኩ።

ያኔ ነው ኩባያውን ያየሁት...

ሞልቷል። ይተናል።

«ማን ቀዳልህ?»

«ምኑን?»

ኩባያውን አነሳ። አጠጣጡ ያው ነው። አንገቱን ያዘነበለበት ያው ነው...

ፕሮግራሙም ፈረሱን መለሰ።

ውጭ ጡሩንባው ሁለቴ ጮኸ።

«እታለም፣ ይሄ መስኮት አይዘጋም?»

ሰሌዳውን አየሁ። ያው አቀማመጥ ነው።

«ተነሥ... ውጣ ከዚህ...» አልኩት በሹክሹክታ።

«ምን ሆነሻል?»

ገና ሁለተኛው ነው፣ ሦስተኛው እንዳይመጣ ወታደር ልግፋ ብዬ ማውሱን ያዝኩ። ወታደር አንዴ ከሄደ አይመለስም፤ አቀማመጡ ይለወጣል።

ረስቼው ነው። የሱ ፕሮግራም ሦስተኛውን አይጠብቅም።

አቻ። ጨዋታው አልቋል።

ቀና አልኩ።

ወንበሩ ባዶ ነው። ገና ይሽከረከራል።

ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ጥበቃው ከበሩ አልተነሣም።

«ወንድሜ ወጣ?»

«ማንም አልወጣም፣ እህቴ።»

ተመለስኩ። አልቅሼ አልወጣልኝም። ስንቴ ነገርኩት! ስንቴ አስተካክል አልኩት! ያቺን የተረገመች መስመር ፈልጌ «ሁለት» የሚለውን «ሦስት» አደረግኩት። ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?

ጨዋታውን እንደ አዲስ ከፈትኩ።

ፈረሴን አወጣሁ። ፕሮግራሙም ፈረሱን አወጣ...

ጡሩንባው ሁለቴ ጮኸ።

ቀዩ ኩባያ መትነን ጀመረ።

«እታለም፣ ይሄ መስኮት አይዘጋም?»

ድምፁ የሱ ነው፣ ከዚያው ከወንበሩ። ወንበሩ ላይ ግን ማንም የለም።

«ራስህ ዝጋው!» ብዬ ጮህኩ። እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። «ና እና ራስህ ዝጋው!»



ከዚያ የመስኮቱ እጀታ ቀስ ብሎ ዞረ...

ተዘጋ።