ሲሞቅ ይተዋል

ኢልሀም ሰውየውን ከማየቷ በፊት መኪናውን ጠልታዋለች።

ከጊዮርጊስ ጀርባ ያሉት ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ በመኝታ ቤቷ መስኮት ትይዩ ባዶ ሜዳ ተዘርግቷል። ማታ ማታ የጭነት መኪኖች ያድሩበታል። ገና የሱብሂ አዛን ሳይሰማ ደግሞ ከመሀላቸው አንዱ ይነሳል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤ የብረት በር በጡጫ እንደሚደበድብ ሰው። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ይለዝባል። ከዚያ እንደማንኛውም መኪና እያጉረመረመ ይሄዳል።

ኢልሀምን ግን እንቅልፍ አይወስዳትም። ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። የታላቅ ወንድሟ የየሲን መኪናም ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ነበር የሚለው። «ሲሞቅ ይተዋል» ይላት ነበር እየሳቀ። አንድ ቀን ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ደነደነ፤ ፍሬኑም አልታዘዝ አለ። የሲን ከዚያ አልተመለሰም።

እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ቤት ውስጥ የቀሩት እሷና አባቷ ጋሽ ረሻድ ብቻ ናቸው። ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንጥረኛ ናቸው። እጃቸው ለሥራ አይንቀጠቀጥም፤ የልጃቸው ስም ሲነሳ ግን የያዙትን ሻይ ያፈሳሉ። መኪናው ሲነሳ እሳቸውም እንደሚነቁ ኢልሀም ታውቃለች፤ ከግድግዳው ማዶ ሳላቸውን ትሰማለች። አባትና ልጅ ስለ ድምፁ አንድም ቀን አውርተው አያውቁም።

ኢልሀም አፍንጮ በር አካባቢ ባለ የጭነት መኪና አስመጪ ድርጅት ውስጥ፣ ጥገና ክፍሉ በር ላይ ባለጉዳይ ተቀባይ ናት። አንድ የጥር ጠዋት እጅጌውን የሰበሰበ ረጅም ወጣት መጥቶ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«የኔ እህት፣ መኪናዬን ጠዋት ጠዋት ያስለዋል።»

«ምን ዓይነት ሳል?»

«ደረቅ ሳል ነው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። ደግነቱ ሲሞቅ ይተዋል።»

ኢልሀም ቀና ብላ አየችው።

«ከጊዮርጊስ ጀርባ ነው የምታሳድረው?»

«በምን አወቅሽ?»

«ጎህ ሳይቀድ የምትቀሰቅሰኝ አንተ ነሃ!»

ወጣቱ ደነገጠ፤ ቀጥሎም ፈገግ አለ። «ሱሀይብ እባላለሁ። ሰፈሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ላንቺ ደግሞ ማኪያቶ እጋብዛለሁ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን መመዝገቢያ ቅጹን ወደ እሱ ገፋችለት። ፊቱ ደስ የሚል ነበር፤ ያስፈራትም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሱሀይብ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር እየመጣ አመለከተ። ዋናው መካኒክ ዘርዓብሩክ በየጊዜው መኪናውን ግቢ ውስጥ ዞር ዞር እያደረገ ይነዳና፣ «ደህና ነው፤ ምንም አላገኘሁበትም» ይላል። አልዋሸም። ሱሀይብ ጥሩ ሾፌር ነው፤ ጥሩ ሾፌር ደግሞ ቀዝቃዛ ሞተር አያንቀሳቅስም። ሻዩን እየጠጣ በደንብ አሙቆ ነው የሚነሳው። ድርጅቱ ዘንድ ሲደርስ ሳሉ ለቆታል። ሱሀይብ ጠዋት በስልኩ የቀዳውን ድምፅ ዘርዓብሩክ ሊሰማ አልፈለገም። ችግሩ ያልተለየ መኪና ግቢ ውስጥ እንዲያድርም ደንቡ አይፈቅድም።

ሞተሩ ግን እየባሰበት ሄደ። ፍቅሩም እንደዚያው። ኢልሀም ከሥራ ስትወጣ ፒያሳ ኬክ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጠው ብዙ ያወራሉ። ሲያወራ እጁን ታየዋለች፤ ናፍጣ የማይለቀው፣ ስኒውን ግን እንዳይሰበር እንደሚፈራ ሰው የሚይዝ እጅ። እሱ መንገድ በወጣ ቁጥር እሷ ምግብ አይበላላትም።

«ሽማግሌ ልላክ?» አላት አንድ ቀን።

«አባቴ የሾፌር ሽማግሌ ደጄን አይረግጥም ብለዋል።»

ለምን እንደሆነ ያን ቀን ነገረችው። የሲንን፣ ድምፁን፣ ቁልቁለቱን። ሱሀይብ ስኒውን አስቀመጠ።

«ድርጅታችሁ ለመኪናው የሰጠኝ ዋስትና ቅዳሜ ያልቃል» አለ። «ካለቀ በኋላ ሞተር ከኪሴ ማሠራት አልችልም። መኪናው ከቆመ ደግሞ ያበደረኝ ባንክ ይወስደዋል። እሁድ ሲሚንቶ ጭኜ ወደ ጎጃም እሄዳለሁ፣ ኢልሀም። ሌላ ምን ላድርግ?»

«በዓባይ በረሃ?»

«ሌላ መንገድ አለ እንዴ?»

ዓርብ ማታ ኢልሀም አልጋዋ ላይ ተቀምጣ መስኮቱን ስታይ መላው መጣላት። ወዲያው ደወለችለት።

«ነገ መኪናውን አታስነሳው። ቀዝቃዛውን እናስጎትተውና ዘርዓብሩክ ፊት ይነሳ።»

«ወደ አፍንጮ በር እኮ ቁልቁለት ነው» አላት ሱሀይብ ቀስ ብሎ። «ሞተሩ ያልተነሳ መኪና ፍሬኑ ድንጋይ ነው። መጎተቻው ቢለቅ…»

አልጨረሰውም። ሁለቱም ማን ትዝ እንዳላቸው ያውቃሉ።

«እመጣለሁ» አለች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረጃውን ስትወርድ አባቷን ታች ቆመው አገኘቻቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል።

«የት ነው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ሰለቻት። «ያቺ የምታስለው መኪና ዘንድ፣ አባ። ባለቤቱን እወደዋለሁ። ዛሬ ካልተሠራችለት ነገ ዓባይን ሊወርድባት ነው።»

ጋሽ ረሻድ የደረጃውን እንጨት ጨበጡ። የሚጮሁባት መስሏት ነበር። ኮታቸውን ቆልፈው በሩን ከፈቱና ቀድመዋት ወጡ።

ሜዳው ላይ የሱሀይብ ጓደኛ ደምመላሽ ሁለቱን መኪኖች በብረት አያይዞ ይጠብቅ ነበር። ሱሀይብ ሽማግሌውን ሲያይ አንገቱን ሰብሮ ሰላም አለ። እሳቸው መለሱለትና ልጃቸውን፣ «አንቺ ከፊተኛው ጋር ሂጂ» አሏት። ራሳቸው ፍሬን የሌለው መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ከሱሀይብ ጎን ተቀመጡ።

«አባ፣ እርስዎ…»

«ሂጂ አልኩሽ።»

ኢልሀም ያንን መንገድ ዕድሜዋን ሙሉ ተመላልሳበታለች፤ እንደዚያ ቀን ረዝሞባት አያውቅም። ዓይኗን ከጎን መስታወቱ ላይ አልነቀለችም። በጨለማው ውስጥ የምትወዳቸው ሁለት ፊቶች ከመስታወቱ ማዶ ይታዩዋታል፤ ሁለቱም ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። ቁልቁለቱ መሀል ላይ ብረቱ ጓ አለና የኋላው መኪና ተንደርድሮ ቀረባቸው። ደምመላሽ ክርስቲያን ነው፤ «ጊዮርጊስ!» አለ። እሷም «ያ አላህ!» አለች። ብረቱ ያዘ። ዳግመኛ ጓ ባለ ቁጥር ነፍሷ እየወጣች ስትመለስ ግቢው በር ደረሱ።

ዘርዓብሩክ ቁልፉን እያንቀጨለጨለ ሲመጣ ሽማግሌውን፣ ልጅቷንና የተጎተተውን መኪና ተራ በተራ አያቸው። «ምን ጉድ ነው?»

«አስነሳው» አሉ ጋሽ ረሻድ።

ሱሀይብ ቁልፉን አዞረ። ኳ! ኳ! ኳ! ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። ኢልሀም ከመስኮቷ ስትሰማው እንዲህ ቅርብ መስሎ አያውቅም ነበር፤ መሬቱ ከጫማዋ በታች ይንቀጠቀጣል። ዘርዓብሩክ ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። ግን ቅዳሜ ነው፤ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የሚሠራው።

«የጠዋት ብርድ ነው፣ አባባ» አለ። «ሲሞቅ ይተዋል።»

ጋሽ ረሻድ እጃቸውን የሚንቀጠቀጠው ሞተር ላይ አሳረፉ።

«ልጄም እንደዚሁ ነበር የሚለኝ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «እኔም አመንኩት። አሁን የለም። ይሄን ልጅ ደግሞ አንተ እንደዚያ በለውና ላከው፤ ኋላ ለእናቱ የምትነግራት አንተ ነህ።»

ከዚያ ዘርዓብሩክ ወደ ጋቢናው ተጠጋ። «አጥፋው» አለው ሱሀይብን። ዞሮም ሠራተኞቹን ጠራ። «ግቡና ክፈቱት። ዛሬውኑ ይመዝገብ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ከሞተሩ የተሰነጠቀ ፒስተን ወጣ። ዘርዓብሩክ በጨርቅ ይዞ አሳያቸውና፣ «ዳገት ቢጀምር ኖሮ…» ብሎ ተወው። ዋስትናው በመጨረሻ ቀኑ ሠራ።

ጋሽ ረሻድና ኢልሀም አብረው ወደ ቤት ተመለሱ።

«አባት አለው?» አሉ ጋሽ ረሻድ በራቸው ላይ ሲደርሱ።

«የለውም። አጎት አሉት።»

«እኔን ሳያይ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሁሉ ቢስሚላሂ ይል ነበር» አሉና ገቡ።

ሞተሩ ተሠርቶ እንዳለቀ ሱሀይብ የመጀመሪያውን ጭነት ያዘ። ኢልሀም በዚያ ሌሊት ማብቂያ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ምንም የለም። አዛኑ ተሰማ፤ ሰማዩ ነጣ፤ ኳኳታው አልመጣም። በሩ ተንኳኳና አባቷ ገቡ።

«ሄደ?»

«አልሰማሁም፣ አባ።»

«እኔም።»

በመስኮቱ ቁልቁል አዩ። መኪናው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። እንደዚያ የከበደ ጸጥታ በዚያ ቤት የነበረው የሲን በሄደ ማግስት ብቻ ነው። ኢልሀም የሥራ ቀን ቢሆንም ሥራ አልገባችም። ጋሽ ረሻድ ወርቅ ቤቱን አልከፈቱም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በመሀላቸው ተቀመጠ፤ ሲደውሉለት «ማግኘት አይቻልም» ይላል። በረሃው ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ያውቃሉ፤ ማወቃቸው ግን አልጠቀማቸውም። ምሳው ቀርቦ ቀዘቀዘ። ቁርጥራጭ ወሬ ጀምረው ይተዉታል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጠራ።

«ደጀን ነኝ!» አለ ሱሀይብ። «ወረድኩ፣ ወጣሁ፤ ሞተሩ ትንፍሽ አላለ። እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ጠዋት ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት።»

አባቷ ስልኩን ከእጇ ወሰዱ።

«ሱሀይብ።» ስሙን ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው።

«አቤት ጋሼ።»

«ሁለተኛ ስትነሳ ክላክስ አድርግ።»

«በዚያ ሰዓት? ጋሼ፣ ሰፈሩ ይሰድበኛል እኮ።»

«ይስደብህ። እኔና ሚስትህ መሄድህን እንስማ።»

ስልኩን መልሰው ሰጧትና ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ።

«ኢልሀም፣ ምን አሉኝ?»

«ክላክስ አድርግ አሉህ» አለች እያለቀሰች።