የእስከዳር ጫማና የባንቺ ሻደይ

እስከዳር ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቤታቸው እዚሁ ሰቆጣ፣ ከገበያው በላይ ነው። ጊዜው የዘጠና ሁለት ዓ.ም. ክረምት ነው። ያኔ ብዙዎቻችሁ አልተወለዳችሁም። እኔ ግን የእስከዳር መምህር ነበርኩ፤ ጢሜም ጥቁር ነበር። ምን ያስቃችኋል? እውነቴን ነው!

እስከዳር ጎበዝ ልጅ ናት። ከበሮ ስትመታ የሽማግሌው ሁሉ ትከሻ ይነቃነቃል። አንድ አመል ግን ነበረባት፤ መታየት ትወዳለች። አጎቷ ከወልድያ ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ አመጣላት። ጉድ ፈላ! ልጅቱ ከእግሬ አላወልቅም አለች። ዝናብ ይገባበታል፤ አታወልቅም። ላብ ይሞላዋል፤ አታወልቅም። ማታ እርጥቡን ታስቀምጣለች፣ ጠዋት ያንኑ እርጥብ ታጠልቃለች።

ሐምሌ ሲገባ እግሯን ያሳክካት ጀመር። በጣቶቿ መካከልና በውስጥ እግሯ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ወጡ። ስታክከው ደስ ይላታል፤ ስትተወው ይብስባታል። እናንተ ደግሞ እግራችሁን አሁን አትመልከቱ፤ ወደ እኔ!

ጎረቤት ሁሉ "ምች ነው" አለ። እናቷ ግን ብልህ ናቸው፤ እጇን ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነርሷ ሲስተር ዮርዳኖስ እግሯን አገላብጠው አዩት።

"ምች አይደለም" አሉ። "እንጀራ ላይ የሚወጣውን ሻጋታ ታውቂው የለ? የእሱ ዘመድ ነው። ለዓይን አይታይም። እርጥብና ሙቅ ቦታ ይወዳል። ጫማሽን ቤቱ አድርጎታል።"

እስከዳር ጫማዋን ወደ ኋላዋ ሸሸገች። "ሊያስጥሉኝ ነው?"

ሲስተር ሳቁ። "ጫማ መልካም ነው፤ ክፉው እርጥብ ጫማ ነው። እግርሽን በሳሙና ታጠቢ። በጣቶችሽ መካከል ሳይቀር አድርቂ። ይሄን ቅባት ጠዋትና ማታ ተቀቢ። ማሳከኩ ቢተውሽም እኔ ሳልልሽ እንዳታቋርጪ። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጪው። ጫማሽንም አጥበሽ፣ በደንብ ሳይደርቅ አታድርጊው። ደግሞ ስሚኝ፤ ይጋባልና ለማንም እንዳታውሺ።"

"እሺ" አለች እስከዳር። እሺ ማለት ቀላል ነው ልጆች። እናንተም ለእኔ ስትሉ ትውላላችሁ።

ሻደይ እየደረሰ ነበር። ሻደይ ለእኛ አገር ሴት ልጅ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ እንዴ? ታውቁታላችሁ! ፍልሰታ ተጾሞ፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት ጾሙ ሲፈታ፣ ልጃገረዶች ረጅሙን የሻደይ ሣር ወገባቸው ላይ ያስራሉ። እመቤታችንን አመስግነው ከተማውን በጭፈራ ይሞሉታል። እንዲህ ያለ በዓል ያለው አገር ልጅ መሆን ያኮራል። ወንዶቹ ያን ሰሞን አፋችሁን ከፍታችሁ ከማየት ሌላ ሥራ የላችሁም።

የሰፈሩ ልጆች አሥራ ሁለት ሆነው ተቧደኑ። አለቃቸው ታይቱ ነበረች፤ አሥራ አራት ዓመቷ፣ ምላሷ እሳት። ባንቺም አብራቸው ነበረች። ባንቺ ከገጠር፣ ከደሃና መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትኖር ዝምተኛ ልጅ ናት። አማርኛ ገና አልለመደችም። በአገሯ ቋንቋ በኽምጣኛ ስትዘፍን ግን የሚያህላት አልነበረም።

አንድ ቀን ለልምምድ ተሰብስበው ሳሉ ታይቱ ሰማያዊውን ጫማ አየች። "እስቲ ልሞክረው" አለች።

የሲስተር ቃል ለእስከዳር ትዝ አላት። "አይሆንም" ልትል አፏን ከፈተች።

"ካዋስሽን ከበሮውን አንቺ ትይዣለሽ" አለች ታይቱ።

ከበሮውን! ከፊት ሆና! ሰቆጣ ሁሉ እያያት! እስከዳር ጫማውን አወለቀች። ታይቱ አጠለቀችው፤ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ቀጥሎ ሌላዋ። ሳምንቱን ሙሉ ጫማው ከእግር እግር ሲዞር ሰነበተ። ባንቺ ብቻ "ይጠበኛል" ብላ አልነካችውም።

ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ ታይቱ እግሯን ታክክ ጀመር። ሌሎች ሦስት ልጆችም እንዲሁ።

"ይሄን ያመጣችብን ባንቺ ናት!" አለች ታይቱ። "ተረከዟን አታዩትም፣ እንዴት እንደተሰነጣጠቀ? ከገጠር ይዛብን መጣች። ከእኛ ጋር አትጫወትም!"

ባንቺ ብዙ ለመናገር አማርኛው አልመጣላትም። "እኔን አያሳክከኝም" ብቻ አለች። ማን ሊሰማት! ተረከዟን የሰነጠቀው የደሃና መንገድ ነው፤ የሚያሳክክ ነገር አልነበራትም።

እስከዳርስ? ከበሮዋን አቅፋ መሬት መሬት ታያለች። አንድ ቃል አልወጣትም። እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው፤ ዛሬም ስነግራችሁ ይነደኛል። ጫማውን ማዋሷ ጥፋት ነው፤ ዝም ማለቷ ግን ባሰ።

ከዚያ ወዲያ እስከዳር ምግብ አልበላ አላት። ቅባቱን ስትቀባ እንባዋ ይመጣል። እግሯ እየዳነ ነው፤ ባንቺ ግን ባልሠራችው ጥፋት ብቻዋን ቀርታለች። እስከዳር ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ነሐሴ አሥራ አምስት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ለመጨረሻ ልምምድ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰቡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ባንቺ መጣች። ሻደይዋን በገዛ እጇ አዘጋጅታ ወገቧ ላይ አስራለች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ማን ጠራሽ? ሂጂ!" አለች ታይቱ።

ባንቺ ሻደይዋን ትፈታ ጀመር። ቋጠሮው ግን እንቢ አላት።

"አትፍቺው!" የሚል ጩኸት ሰማን። እስከዳር ናት። ከበሮውን መሬት አስቀምጣለች። "ባንቺ አይደለችም፤ እኔ ነኝ! እግሬ በሐምሌ ታሞ ነበር። ሲስተር ጫማሽን አታውሺ ብለውኝ ነበር። ከበሮውን ስለፈለግሁ ሰጠኋችሁ።"

"እያወቅሽ? ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ዝም አልሽ?" አለች ታይቱ።

"አዎ" አለች እስከዳር። ጉንጯ በእንባ ርሷል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። እኔ መምህሯ በዚያች ሰዓት የኮራሁባትን ያህል ኮርቼ አላውቅም። ከበሮዋን እንደምታጣ እያወቀች ነው የተናገረችው!

ወዲያው ወደ ታይቱ ዞርኩ። "አንቺስ ሳትጠይቂ የፈረድሽው?" አልኳት። ታይቱ አፈረች። ሄዳ ባንቺን በእጇ ይዛ አስገባቻት፤ "አጥፍቻለሁ" አለቻት።

እስከዳርም "ይቅር በይኝ" አለቻት።

ባንቺ ቆማ አየቻት። "አዝኜብሻለሁ" አለች። እውነቷን ነው። ይቅርታ የጠየቃችሁት ሰው ወዲያው እንዲስቅላችሁ አትጠብቁ።

ያን ቀን አራቱን ልጆች ሲስተር ዮርዳኖስ ዘንድ የወሰደቻቸው ራሷ እስከዳር ናት። "መጨፈር እንችላለን?" ብለው ጠየቁ።

"ጨፍሩ" አሉ ሲስተር። "ስትመለሱ ግን ታጥባችሁ አድርቁ፣ ተቀቡ። ጫማም ካልሲም አትዋዋሱ!" ልጆቹ እንዳሏቸው አደረጉ፤ በወሩ ሁሉም ዳኑ።

በማግስቱ ሻደይ ሆነ። ከበሮውን ሌላ ልጅ ያዘች። እስከዳር ከሁሉም ኋላ ሆና ታጨበጭባለች። ባንቺ ከፊት ቆማ ዘፈኑን በኽምጣኛ ስታወርድ፣ መንገደኛው ሁሉ ቀጥ አለ። አንድ አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው እየሰሙ፣ "ይቺ ልጅ የማን ናት?" ብለው ጠየቁ።

"የእኛ ናት!" አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። ከሁሉም በላይ የጮኸው ከኋላ የመጣው የእስከዳር ድምፅ ነበር።

ባንቺ ዞር ብላ አየቻትና ፈገግ አለችላት።

ልጆች፣ እናንተ ባጠፋችሁት ሌላ ሰው ሲወቀስ ዝም አትበሉ፤ ደፍራችሁ "እኔ ነኝ" በሉ።