የጋሼ አባስ የቁማር ጠጠሮች

የጎሬው ሽማግሌ ነጋዴ ጋሼ አባስ መስገጃቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው፣ ኮፍያቸው እስከ ማጅራታቸው ወርዶ ተገኙ። ጎረቤታቸው ጋሼ ጌድዮን «ሲሰግዱ ሞቱ! መታደል ነው» አሉ። ከመቱ የተጠራችው ኢንስፔክተር ዘህራ ኮፍያውን ገለጥ አድርጋ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። ማጅራታቸው ተሰብሯል። ምኑን ታደሉት!

የሰፈሩ ፖሊሶች ወዲያው ልጃቸውን ሰይፈዲንን በካቴና አሰሩት። ማታ በአባቱ ላይ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፤ በምን እንደተጣሉ ቢጠየቅ መልሱ «ምያለሁ» ብቻ ነው።

እህቱ ጣሂራ የዘህራን እጅ ያዘች። «አባቴን ዛሬ ልቀብር ነው። ወንድሜን አብሬ እንዳልቀብር፣ እባክዎ!»

ጠረጴዛው ላይ ከቀንድ የተሠሩ ክብ ጠፍጣፋ ጠጠሮችና አንድ ደብተር ነበሩ። ድሮ የጎሬ የውጭ አገር ነጋዴዎች ክበባቸው ውስጥ ቁማር ሲጫወቱ በብር ፈንታ የሚደረድሩት እንዲህ ያለውን ጠጠር ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ ይገዙታል፤ አስመስሎ የሚሠራውም በዝቷል። ጋሼ አባስ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያከፋፍል ሲያጠያይቁ ከርመዋል። ደብተሩ «ሠሪ፦ ፉፋ፣ ኡካ። አከፋፋይ፦» ይልና ከዚያ ተቀዷል።

ቀንድ ጠራቢው ፉፋ ከኡካ ከተማ ተጠርቶ መጣ።

«አንተ ነህ የምትሠራው?»

«እኔ ነኝ፤ ለባህል ልብስ ቁልፍ ነው ተብዬ። በሚኒባስ እልካለሁ። ጎሬ ላይ ማን እንደሚቀበል አላውቅም፤ ዋቃዮ ምስክሬ ነው!»

አሮጌ ዕቃ ሻጩ ጋሼ ጌድዮንም ተጠየቁ። «አርባ ዓመት አብረን ኖረናል። ጠጠሩን ነክቼው አላውቅም፤ ማታም ከቤቴ አልወጣሁም።»

ዘህራ መስገጃው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ራስጌውን ትክክል መትታዋለች። ተነሥታ ፖሊሶቹን የሆነ ቦታ ላከች፤ ሲመለሱም ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ፉፋ አልገደለም። ቢገድል ስሙ ያለበትን ደብተር ጠረጴዛ ላይ ጥሎ አይሄድም። ሰይፈዲንም አይደለም። መስገጃው ወደ ፀሐይ መውጫ ተነጥፏል። ከጎሬ ሲሰገድ የሚዞረው ወደ ሰሜን ነው፤ እዚህ ቤት ያደገ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖም አይስተውም። ገዳዩ ሬሳውን ሲያመቻች እሱ ራሱ ወደሚጸልይበት አዞራቸው። ጋሼ ጌድዮን፣ እርስዎ ሲጸልዩ ወዴት ይዞራሉ?»

ሽማግሌው በመስኮቱ ፀሐይዋን አዩ። «ወደ ምሥራቅ…»

«ፖሊሶች ከሱቅዎ ጓሮ አንድ ጆንያ ጠጠር አውጥተዋል።»

«የእድር ዳኛ ነኝ እኮ!» ብለው ፈነዱ። «ስሜን አታንሳብኝ ብዬ ለመንኩት፣ ዝም አለኝ። ደሜ ፈላ፣ በዘነዘና… ከዚያ ደብተሩን ባገላብጠው፣ ስሜ የለም!»

ሰይፈዲን ቀና አለ። «የጮህኩት ለዚያ ነው። ስሙን ለፖሊስ ስጥ አልኩት። ‹ጎረቤቴን በስተርጅናው አላዋርድም› ብሎ ቀደደና እሳት ውስጥ ጨመረው። ማን እንደሆነ ለእኔም አልነገረኝም። ጭራሽ ወሬውን እንዳላነሣ አስማለኝ።»

ጋሼ ጌድዮን ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ታዲያ ስለምነው መቅደዱን ምነው አልነገረኝ!»

ጣሂራ እንባዋን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች።

«ማወቁን አውቀው እንዳያፍሩ ብሎ ነዋ፣ ጋሼ።»