የሌሉት እንቁራሪቶች

«መቶ ፌንጣ፣ አስር እንቁራሪት፣ አንድ ሽመላ» ብሎ አነበበ ሰውመሆን። «አለቀ። ስሜን ከላይ ጻፊው።»

ቤዛ ደብተሯን ከእጁ ነጠቀችው። «መቼ ሄደህ ቆጠርህ?»

«ምን ያስኬደኛል? ሩዙን ፌንጣ ይበላል፣ ፌንጣን እንቁራሪት፣ እንቁራሪትን ሽመላ። ከአንዱ ወደ ሌላው ከአስር አንድ እጅ ኃይል ብቻ ያልፋል ብለው መምህር እንዳልካቸው አላስተማሩንም? በአስር አካፈልሁታ።»

«እሱ ኃይሉ ነው እንጂ የእንስሳቱ ቁጥር አይደለም፣ ደንቆሮ። ደግሞ የእኛን ማሳ ቆጠርን ብለህ ጽፈሃል።»

«አታካብጂ። የቡድን ሥራውን ነገ ነው የምናስረክበው።»

ከወረታ ትምህርት ቤት እስከ መንደሯ ቁሐር ሚካኤል ስትሄድ ንዴቷ አልበረደላትም። ነገ እውነተኛውን ቁጥር ይዛ ክፍሉ ፊት ልታሳፍረው ነው።

ጫማዋን አውልቃ የቤተሰቧ ሩዝ ማሳ ውስጥ ገባች። ውሃው ላይ የሞቱ ፌንጣዎች ተንሳፍፈዋል። አምና በዚህ ወቅት የእንቁራሪቱ ጩኸት ጆሮ ያደነቁር ነበር፤ አሁን ጭጭ ብሏል። አንድ ሽመላ ጭቃውን ይወጋል፣ ባዶ አፉን ያነሳል፣ እንደገና ይወጋል። ድንበሩ ላይ ባዶ ጠርሙስ ወድቋል።

አባቷ አዛናው መርጫውን በጀርባቸው አዝለው መጡ።

«አባዬ፣ ምን ረጩበት?»

«መድኃኒት ነዋ። ፌንጣው ሊጨርሰው አልነበር?»

«እንቁራሪቶቹስ?»

«እንቁራሪት ትበያለሽ?»

«ፌንጣውን ይበሉልን ነበር እኮ!»

«ጎረቤቱ ሁሉ ረጭቶ ፌንጣው ወደ እኔ ሲሰደድ፣ እንቁራሪት እስኪደርስልኝ ቁጭ ልበል? ሩዙ ካለቀ አንቺስ ምን በልተሽ ትማሪያለሽ?»

 ቤዛ ደብተሯን ገልጣ የሰውመሆንን ቁጥሮች አየቻቸው። የእሱን ቁጥር ብትተወው ማንም አያውቅም። እውነቱን ከጻፈች ግን ነገ የአባቷ ስም ክፍሉ ፊት ይነበባል፤ የቁሐር ልጆችም እቤታቸው ያወሩታል።

አባቷ ወደ ቤት ሲያቀኑ ድንበሩ ላይ ተቀመጠች። የሰውመሆንን ቁጥሮች ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰረዘቻቸው። ከሥር ጻፈች፦ «ፌንጣ፣ የሞተ ሠላሳ ሁለት። እንቁራሪት፣ ዜሮ። ሽመላ አንድ፣ ምንም ያላገኘ።»

«የማሳው ባለቤት» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ከዚያ «አባቴ፣ አዛናው» ስትል ጻፈች። ቀጥላም «ጎረቤቱ ሁሉ ረጭቷል ይላሉ» ብላ ጨመረች።

ሽመላው ተነሥቶ ድንበሩን ተሻገረ። ቤዛ ፀሐይዋን አየቻት፤ ገና አልጠለቀችም። ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ እሷም ልትቆጥር ወደ ጎረቤቱ ማሳ ተሻገረች።