የአሮጌው ማሽን ክብ

የራጅ ባለሙያው ነቢዩ የሞተው አሮጌው የሲቲ ስካን ማሽን በሚገኝበት ክፍል ውስጥ ነው። ፊቱን ወደ ወለሉ ደፍቶ፣ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቶ፣ የራሱ ከባድ መፍቻ አጠገቡ ወድቆ ተገኘ። ደብረ ብርሃንን ከጠዋት ጀምሮ ጉም ስለዋጣት የግል ምርመራ ማዕከሉ መብራት ከመንገዱ ማዶ እንኳ አይታይም ነበር። ብርዱም ያን ዕለት ከሞተው ይልቅ በሕይወት ያለውን ነበር የሚያስፈራው።

ኢንስፔክተር ይርጋለም ስትደርስ ሳጅን ወልደኪዳን ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። የማዕከሉ ጥበቃ ሞላልኝ በካቴና ታስሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ካፖርቱ ደም ነክቶታል።

«ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው» አለ ሳጅኑ። «ረፋዱ ላይም ሟቹ ላይ ሲጮህ ተሰምቷል። ሚስቱ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ሆዷ ሊከፈት ነው፤ ዕጢ አለባት ያላት ደግሞ ይኸው አሮጌ ማሽን ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረን?»

«ያላየነው ቀረን» አለችው።

ይርጋለም ሰው ሲዋሻት ደስ ይላታል እየተባለች የምትታማ ሴት ናት። እውነት ያንሸራትታል፣ ውሸት ግን መጨበጫ አያጣም ባይ ነች። ከሞላልኝ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ለምን ጮህክበት?»

«እትዬ፣ ‹የሚስትህ ነገር አስጨንቆኛል፤ አንድ ነገር ላጣራና ማታ እነግርሃለሁ› አለኝ። ‹እሷ ነገ ልትቀደድ ነው፣ አንተ ለማታ ትቀጥረኛለህ?› ብዬ ጮህኩ። ከወለጋ ስንፈናቀል የተረፈችኝ እሷ ብቻ ናት። ደሙ የነካኝ ላነሳው ስሞክር ነው።»

«ዛሬ የመጣችው ታካሚ ከሄደች በኋላ ማን ገባ?»

«ጋሽ ጌታሰው፣ የማዕከሉ ባለቤት። በጓሮ በር ገብተው በጓሮ ወጡ። ለሳጅኑም ነግሬያቸው ነበር። የመጠለያ ሰው ሲናገር ማን ይሰማል?»

ይርጋለም ወደ ክፍሉ ገባች። የአሮጌው ማሽን ነጭ ክዳን ወልቆ ግድግዳ ተደግፏል። በውስጡ ትንንሽ ሰሌዳዎች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል፤ ሁሉም አቧራ ለብሰዋል። በመካከላቸው ግን አንድ ባዶ ጎድጓዳ አለ፤ እሱ ንጹሕ ነው። ሳጅኑን ጠርታ በጆሮው የባለቤቱን መኪና እንዲፈትሽ ነገረችው። ፊቱን አጨፍግጎ ወጣ።

ነርሷ ዘርፈሽዋል ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ነበር።

«ሲስተር፣ አሮጌውንና በሌላው ክፍል ያለውን አዲሱን ማሽን ምን ይለያቸዋል?»

«አሮጌው በገመድ የታሰረ ነው። ጨረር የሚረጨው ክፍልና ጨረሩን የሚቀበሉት ሰሌዳዎች ፊት ለፊት ሆነው በታካሚው ዙሪያ አንዴ ይዞራሉ። ከዚያ ገመዱ እንዳይጠመዘዝ ቆመው ይመለሳሉ፤ አልጋው ትንሽ ይገፋና እንደገና ይዞራሉ። አዲሱ ግን ገመድ የለውም። ኤሌክትሪኩ በቀለበት ላይ እየተንሸራተተ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ሳያቋርጥ ይዞራል፣ አልጋውም ሳይቆም ያልፋል።»

«መቼ ሥራ ጀመረ?»

«ዛሬ። ጋሽ ጌታሰው ሲተከልም አልነበሩም፤ ‹ከደብረ ሲና እስክመለስ ማንም እንዳይነካው› ብለው ነበር። ነቢዩ ግን እትዬ እማዋይሽን ከአንኮበር አስጠርቶ ሆዳቸውን አነሳቸው። እሳቸውንም አምና አሮጌው ዕጢ አለባቸው ብሎ ነበር። እኔ መናኸሪያ ሸኝቻቸው ስመለስ…» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አቶ ጌታሰው ከጭነት መኪና ንግድ ወደ ሕክምና የመጡ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ከአሮጌው ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን በመሐረብ ያብሳሉ።

«እንደ ልጄ ነበር» አሉ። «ስመጣ ታካሚ ይዞ ነበር፤ የአዲሱ ክፍል በር ተዘግቷል። ‹ትንፋሽ ይያዙ… ይተንፍሱ… ይያዙ… ይተንፍሱ› ሲል በድምፅ ማጉያው ሰማሁት። ደጋግሞ ሲላቸው ሴትዮዋ አሳዘኑኝ። ሥራውን አላቋርጠውም ብዬ ወዲያው ወደ ማኅበር ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ያየኝ ሰው ብዙ ነው።»

«እሷ ገና ውስጥ ሳለች ወጡ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል! በድምፁ ነው የተለየሁት።»

ይርጋለም አንገቷን ዝቅ አድርጋ አጽናናቻቸው። ከዚያ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ጉሙ የአንኮበርን መንገድ ስለዘጋው እትዬ እማዋይሽ ኩታቸውን ተከናንበው አልሄድ ያለ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ ማሽኑ ውስጥ ሳሉ ነቢዩ ምን ምን አለዎት?»

«‹ትንፋሽ ይያዙ› አለኝ፤ ያዝሁ። ‹አለቀ፣ ይነሡ› አለኝ። አምና ያዢ ልቀቂ ሲሉኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ የዛሬው ቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ፎቶውን አይቶ ‹ምንም የለብዎትም› ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ተለወጠ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የማግስቱ ንጋት ግን አልጠራም። ሁሉም በማለዳ በእንግዳ መቀበያው ተሰበሰቡ። ሞላልኝ የግድግዳውን ሰዓት ያያል፣ ካቴናውን ያያል፣ እንደገና ሰዓቱን ያያል። ሚስቱ ናዝራዊት ቀዶ ጥገና ክፍል የምትገባበት ሰዓት ደርሷል።

«ነቢዩን የገረመው አንድ ነገር ነው» ብላ ጀመረች ይርጋለም። «የእትዬ እማዋይሽን የአምና ፎቶና የናዝራዊትን በኮምፒዩተሩ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ ነበር፤ እኔም አየሁት። የሁለቱም ዕጢ አንድ ቦታ ላይ ነው፣ መጠኑም አንድ ነው። በሽታ እንዲህ አይመሳሰልም። ከአሮጌው ማሽን ሰሌዳዎች አንዱ ታውሮ ነበር። ሰሌዳው ሲዞር የማያየው ነገር አብሮት ይዞርና ፎቶው ላይ ክብ ይሥላል። ያ ክብ ነው ዕጢ የተባለው።»

ዘርፈሽዋል አፏን በእጇ ያዘች።

«ነቢዩ ይህን በአዲሱ ማሽን አረጋገጠ። አቶ ጌታሰው፣ እርስዎ ያን ጊዜ በር ላይ ሆነው ‹ይያዙ፣ ይተንፍሱ› ሲል ደጋግሞ ሰማሁ ብለዋል። አሮጌው በየዙሩ ስለሚቆም በየዙሩ ትንፋሽ ያስይዛል። አዲሱ ግን ሆድን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል፤ እትዬ እማዋይሽ አንዴ ብቻ ነው የያዙት። እርስዎ በቢሮዎ ግድግዳ ለዓመታት የሰሙት አሮጌውን ነው። አዲሱ ሲሠራ ሰምተውት ስለማያውቁ ውሸትዎን በአሮጌው ልክ ሰፉት።»

«ተሳስቼ ይሆናላ!»

«የሰማ ሰው ይሳሳታል። እርስዎ ግን አልሰሙም፤ አልነበሩማ። የመጡት ሞላልኝ እንዳለው ሴትየዋ ከሄዱ በኋላ ነው።»

ሳጅን ወልደኪዳን ማንንም ሳያይ በጨርቅ የተጠቀለለች ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ከአሮጌው ማሽን የጎደለችው ናት፤ ከመኪናዎ ትርፍ ጎማ ሥር አገኘናት» አለ። ከዚያ ወደ ሞላልኝ ዞሮ አንገቱን ደፋ።

አቶ ጌታሰው መሐረባቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። «ለአሮጌው ማሽን ገዢ አግኝቼለት ነበር» አሉ። «ታካሚው ሁሉ ፍርድ ቤት ይጎትተኛል፣ አፍህን ያዝ አልኩት። ‹ሰው ያለ በሽታው ሊቀደድ ነው› አለኝ። የታወረችውን ሊያሳየኝ ክዳኑን ፈታና ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ናዝራዊትስ?» ብሎ ሞላልኝ ተነሣ። «ቀዶ ጥገናውን ያስቆመልኝ አለ?»

«ትናንት ማታ ለሐኪሟ ደውዬ ነበር» አለች ይርጋለም። «‹ፖሊስ ነው ሕክምና የሚያስተምረኝ?› ብሎ ተቆጣኝ፤ በኋላ ግን በራሳቸው ማሽን ሳላያት አልነካትም አለ። እስካሁን አልደወለም።»

ስልኩ ሲጮህ ይርጋለም አንሥታ አዳመጠችና ለሞላልኝ ሰጠችው። በታሰሩ እጆቹ ተቀብሎ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ሞላ?» አለች ናዝራዊት። «እንደገና አነሱኝ። ምንም የለብሽም፣ ልብስሽን ልበሺ አሉኝ። እውነት ነው እንዴ? ከትናንት ጀምሮ ውኃ እንኳ ከልክለውኛል፤ አሁንም ፈርቼ አልቀመስኩም።»

ሞላልኝ ሲታሰርም ሲሰደብም አላለቀሰም ነበር። አሁን አለቀሰ።

«ብዪ» አላት። «ናዝሬ፣ አትፍሪ፣ ምግብ ብዪ።»