ማንጎ የሚያመጣልን ሰውዬ

አይ መስቱራ! ምላሷ እንዲህ ጉድ ይሠራታል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ነስሮ የድሬ ጠያራ ገበሬ ነው። ሐረር ሸዋ በር ገበያ ማንጎ ሲሸጥ ድንገተኛ ዝናብ እሱንና መስቱራን አንድ ሸራ ሥር አስጠለላቸው። ከዚያ ወዲህ መስቱራ ማንጎ ሳያምራት ገበያ መውጣት አበዛች።

ሁለቱም ልባቸው የቆሰለ ነበር። እሷን ባሏ ሲፈታት፣ መፈታቷን የሰማችው ሰርግ ቤት ከሴቶች አፍ ነው። እሱን ደግሞ የቀድሞ እጮኛው «ይሄ ባላገር!» ብላ በጓደኞቿ ፊት ስቃበታለች። ስለዚህ መስቱራን የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ሌላው ይቅር። በሰው ፊት እንዳትክጂኝ።»

«ወላሂ አልክድህም» አለችው።

እሱ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ላሳደጓት አክስቷ ለፈርዶሳ ልታስተዋውቀው ጀጎል ግንብ ውስጥ ቤታቸው ቀጠረችው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ቤቱ ግን በጎረቤት ሴቶች ሞልቶ ጠበቀው። ደንግጦ ሰላምታ ሰጠና ክፍት ባገኘው ቦታ ቁጭ አለ። የት? አሚር ነደባ ላይ! የቤቱ አባወራ ብቻ የሚቀመጥበት መደብ ላይ፣ የአክስቷ ባል ከሞቱ ወዲህ ማንም ያልደፈረው።

አንዷ ሴት በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«መስቱራ፣ እንግዳችን ማነው?» አሉ ፈርዶሳ።

የመስቱራ ፊት ጋለ። ያ የሰርግ ቤት ሹክሹክታ ጆሮዋ ላይ መጣባት።

«ማንጎ የሚያመጣልን ሰውዬ ነው» አለች።

ነስሮ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«አዎ እናቴ፣ ነገ ጥሩ ማንጎ ይገባል ልላችሁ ብዬ ነው» ብሎ ወጣ።

ጭራሽ ሸፈነላት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሴቶቹ እንደሄዱ እያለቀሰች ሁሉንም ለአክስቷ ነገረች።

«አስተግፊሩላህ! እኔ እኮ ማነው ያልኩት ላስተናግደው ነው። ቤቴ የመጣ እንግዳ ተዋርዶ ይውጣ? የሰበርሽውን ራስሽ ሄደሽ ጠግኚ!»

በነጋታው ገበያው ጢም ብሏል። ከትናንትናዎቹ ሴቶች አንዳንዶቹ እዚያው ነስሮ አጠገብ ሽንኩርት ይመርጣሉ። መስቱራ እንደምንም ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?» አላት፣ ሳያያት።

«ነስሮ፣ ትናንት ዋሸሁ።» ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። «ላገባው የምፈልገው ሰው ነው ማለት አቃተኝ። የተፈታችው ደግሞ ገበሬ ይዛ መጣች እንዳይሉኝ ፈራሁ። አፈርኩብህ። ዛሬ የማፍረው በራሴ ነው። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ሽንኩርት መራጮቹ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ነስሮ አንዷን ማንጎ ብዙ አገላበጣት።

«እኔም አፍሬያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ለአክስትሽ ‹የለም እናቴ፣ ልጅዎን ወድጄ ነው የመጣሁት› ማለት ነበረብኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ ታምነኛለህ?»

«አቦ፣ አልዋሽሽም። ልቤ ገና አልተመለሰም።»

«እጠብቀዋለሁ።»

ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር፤ ግን አልሸሹትም።

«ሽማግሌዎቼ ጁምዓ ይመጣሉ» አላት። «ልቤ መንገድ ላይ ይደርስባቸዋል።»