ያልተቀመሰው በኩራት

ለመሆኑ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ገበሬ አባቱ የተከለውን ቡና በገዛ መጥረቢያው እንዲቆርጥ ስንት ውሸት ያስፈልገዋል? አስር? ሃያ? ቂርቆስን አንዲት ውሸት በቃችው። እሱን ለመግደል ደግሞ ሌላ አንዲት... ይህችኛዋን የነገረችው ከዓይኗ ብሌን አብልጣ የምትወደው እህቱ ትሕትና ነበረች!

ትሕትና አሜሪካ አገር፣ ቡርንስቪል ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የሰው እናትና አባት እያጠበችና እያጎረሰች የምትኖር ሴት ናት። የራሷ እናት፣ ወይዘሮ የሺሀረግ፣ ቡታጅራ አጠገብ ከታላቅ ወንድሟ ከቂርቆስ ጋር ነበሩ። የዛሬ አራት ዓመት እዚያው አጠገብ ሴንት ፖል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባለ አንድ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አቶ አሳምነው የሚባል አንደበተ ርቱዕ ነጋዴ ተነሣና፣ «ወገኖቼ፣ የአሜሪካ ገበያ ለአቮካዷችን ተከፍቷል! ፈቃዱ በእጃችን ነው። ዘመዶቻችሁ ቡናውን ነቅለው የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ ይትከሉ፤ ፍሬውን ከማሳቸው አንሥተን እዚህ እናደርሳለን» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ፈቃዱን አሳየን ያለ አንድ ሰው ነበር? አልነበረም! እኛ ዘንድ በሰው ፊት «ወረቀቱን አሳየኝ» ማለት ሰውየውን ሌባ ብሎ ከመሳደብ ይቆጠራላ! ትሕትናም ጥያቄው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ አፈረችና ዋጠችው።

በማግስቱ ለቂርቆስ ደውላ የሰማችውን ነገረችው።

«ቡናው እኮ የአባባ ነው፣ ትሁቴ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ሰውየውን አላውቀውም። አንቺን ግን አውቃለሁ። ትከል ትይኛለሽ?»

«ትከል ጋሼ።»

ተከለ። ቡናው በተቆረጠ ቀን ወይዘሮ የሺሀረግ ሬሳ እንደወጣበት ቤት በራቸውን ዘግተው ዋሉ። መከራ ደግሞ ብቻውን መች ይመጣል! በሁለተኛው ዓመት የቂርቆስ ሚስት ታመመች፤ ቡናው ቢኖር ኖሮ አዲስ አበባ ወስዶ ያሳክማት ነበር፤ ቡናው ግን አልነበረም፣ ቀበራት። በሦስተኛው ዓመት የራሱ ደም ግፊት ተነሣበት። እሱ ግን ችግኞቹን እንደ ልጅ እያጠጣ፣ «ገበያችን እህቴ ናት» ይል ነበር።

ዘንድሮ ዛፎቹ እስኪጎብጡ አፈሩ። በዚያው ሰሞን እናቱ ልጃቸውን ለመጠየቅ ቪዛ አገኙ። በእነቂርቆስ ቤት የመጀመሪያው ፍሬ አይሸጥም፣ ባለማሳውም አይበላውም፤ ለፈጣሪና ለባለውለታ የሚሰጥ በኩራት ነው። ግማሹን ለደብሩ ሰጠ፤ ከቀረው ሰባት መርጦ እናቱ ነጠላ ላይ ቋጠረው። «ያስተከለችኝ እሷ ናት፤ እሷ ሳትቀምስ እኔ አልቀምስም» አለ።

ሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ትሕትናና ልጇ ሊና አበባ ይዘው ሲጠብቁ፣ እናት ባዶ ነጠላ ታቅፈው ወጡ። የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ምግብ ይዘዋል ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ኮራ ብለው «የልጄን በኩራት!» ብለው ነበር። ሰውየው ወሰደባቸው። ከአገራቸው ትኩስ አቮካዶ በሻንጣም ሆነ በመርከብ እንዲገባ ፈቃድ እንደሌለ አስተርጓሚ በስልክ ነገራቸው።

«በመርከብም?» አለች ትሕትና።

«በመርከብም ብሏል። ከቆሻሻ ከተቱት፣ ልጄ... ዓይኔ እያየ!»

መኪናው ውስጥ ገና ሳይቀመጡ ስልኳ ጮኸ። ቂርቆስ ነው።

«እማዬ ደረሰች? ቀመስሽው?»

ትሕትና እናቷን አየች። እናት አንገታቸውን ደፉ። «ማም፣ ጀስት ቴል ሂም» አለች ሊና በሹክሹክታ። እንዴት ትንገረው? የአባቱን ቡና፣ የሚስቱን ሞት፣ አራት ዓመቱን በአንድ ቃል እንዴት ትቅበርበት? አሳምነውን ይዛ እስክታስተካክል፣ ለሁለት ቀን ብቻ...

«ቅቤ ነው ጋሼ! ቅቤ!»

ቂርቆስ እንደ ልጅ ሳቀ። «እንግዲያው ነጋዴውን ሙሊሳን እመልሰዋለሁ! ከከተማ መኪና ይዞ ደጄ ቆሟል፤ ሁሉንም ልግዛህ ይለኛል። የእህቴ ገበያ እያለ? ነገውኑ ለቅሜ እጠብቃችኋለሁ!» ብሎ ዘጋው። መልሳ ልትደውል ጣቷን አነሣች... አልደወለችም።

በማግስቱ የአሳምነው ቢሮ ሄደች።

«ፈቃዱ የታለ?»

«ማመልከቻ በሂደት ላይ ነው፣ እህት ትሕትና።»

«ማመልከቻ? የዛሬ አራት ዓመት በእጄ ነው ብለህ አልነበር?»

«የእኛ ሰው ችግሩ ትዕግሥት ማጣት ነው» አለ፣ ሻዩን እያማሰለ። «አንድ ሳምንት ስጪኝ።»

ሰጠችው። ለዚህ ስም ብታወጡለት ምን ትሉታላችሁ? የዋህነት? ፍርሃት? ቂርቆስ ግን አቮካዶውን በሣጥን ደርድሮ መንገድ መንገድ ያያል። ለስልሶ ጠቆረ፤ ዝንብ ወረሰው። እሱ ግን መኪናው ዛሬ ቀርቶ ነገ ይመጣል ይላል። እህቱ ቀምሳዋለቻ!

በዘጠነኛው ቀን ትሕትና እውነቱን ልትነግረው ደወለች። ስልኩን ያነሣው ጎረቤቱ ጎንፋ ነበር።

«ማን... ትሕትና? እናትሽ አጠገብሽ ናቸው? ከሆኑ ራቅ በይ፣ እህቴ።»

ቂርቆስን ደም ግፊቱ ጥሎት፣ ከሣጥኖቹ መሀል እንደተቀመጠ ሞቶ አገኙት፣ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ። ከጎኑ በቢላ የተከፈለ አንድ አቮካዶ ነበር፤ ግማሹ የተበላ፣ ግማሹ በቅጠል የተጠቀለለ። ለማን እንደጠቀለለው የሚጠይቅ አለ?

ለቀስተኛው ሁሉ «ዕድሉ ነው፣ የተጻፈበት ነው» አለ። ዕድል! ዕድል አዳራሽ ይከራያል? ዕድል ባልተገኘ ፈቃድ ያስጨበጭባል? የሰው እጅ የሠራውን ለፈጣሪ የምናሸክመው እስከ መቼ ነው?

በአርባው ማግስት አሳምነው በዚያው አዳራሽ ስለ ማንጎ አዲስ ስብሰባ ጠራ። ወይዘሮ የሺሀረግ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ከፊት ተቀመጡ። ትሕትና ሳይፈቀድላት ተነሣች።

«ወንድሜ ቀመስሽው ወይ ብሎኝ ነበር። ሳልቀምስ ቅቤ ነው አልኩት። እኔ ነኝ የገደልኩት!» ወደ አሳምነው ዞረች። «እናቴ ፊት፣ እናንተ ሁሉ ፊት ውሸቴን ተናገርኩ። አሁን ተራው ያንተ ነው፣ አቶ አሳምነው። ቢሮህ አልመጣም፤ ሻይህንም አልጠጣም። እዚሁ፣ ባስጨበጨብክበት ቦታ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ መልስልኝ፤ ፈቃዱ የታለ?»